ሮምን በሦስት ቀን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለስብሰባ፣ ለዘመድ ጥየቃ ወይም ለሽርሽር ጥቂት ቀን ሮም የሚያርፍ ሐበሻ ደጋግሞ የሚጠይቃቸው እነዚህ ናቸው፤ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ከመነሳታችሁ በፊት አንዴ አረጋግጡ።

ሦስት ቀን ለሮም ይበቃል?

ሮምን አይቶ ለመጨረስ አይበቃም፤ ደስ ብሎ ለመመለስ ግን ይበቃል። ዋና ዋናዎቹ ቦታዎች የተቀራረቡ ናቸው። ከኮሎሲየም (የጥንቱ ስታዲየም) እስከ ፓንቴዮን (ባለ ጉልላቱ የጥንት ቤተ መቅደስ) በእግር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አንዱን ቀን ለኮሎሲየምና ለጥንቱ ከተማ፣ አንዱን ለቫቲካን መድቡ። ሦስተኛውን ያለ ፕሮግራም ተዉት። ብዙ ሰው የሚወደው ይህንን ቀን ነው።

«ፍሎረንስንና ቬኒስንም ልጨምር?» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ ተዉት። ፈጣኑ ባቡር ፍሎረንስ የሚያደርሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ እውነት ነው። ግን ጣቢያ ለጣቢያ ሻንጣ ስትጎትቱ ቀኑ ያልቅና ሁለቱንም ሳታዩ ትመለሳላችሁ።

መቼ ብሄድ ይሻላል?

በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያና ግንቦት፣ ወይም መስከረምና ጥቅምት። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ያቃጥላል፤ ቴርሞሜትሩ ከ35 ዲግሪ በላይ የሚወጣባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ነሐሴ 9 አካባቢ ደግሞ ፌራጎስቶ የሚሉት በዓላቸው ስለሆነ ከተሜው ወደ ባሕር ይሄዳል፤ የሰፈር ምግብ ቤቶችና ሱቆች ይዘጋሉ። ታኅሣሥና ጥር ይበርዳል፣ ወረፋው ግን ይቀላል። ደህና ጃኬት ካላችሁ መጥፎ ምርጫ አይደለም።

ከአየር ማረፊያው ወደ ከተማ በምን ልግባ?

ትልቁ አየር ማረፊያ ፊዩሚቺኖ ነው። ከዚያ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር የትም ሳይቆም በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ጣቢያ ያደርሳችኋል፤ ዋጋው 14 ዩሮ ነው። ኤፍ ኤል 1 የሚባለው ተራ ባቡር 8 ዩሮ ነው። እሱ ግን ተርሚኒ አይገባም፤ በትራስቴቬሬ፣ በኦስቲየንሴና በቲቡርቲና ነው የሚያልፈው። ማረፊያችሁ በዚያ በኩል ከሆነ ለምን 14 ትከፍላላችሁ? ከሁሉም የሚረክሰው አውቶቡስ ነው፤ መንገድ ከተዘጋጋ ግን ሰዓቱን አትቁጠሩ።

ታክሲ ለመሃል ከተማ ቁርጥ ዋጋ አለው፤ 55 ዩሮ ነው። ዋጋው ለመኪናው እንጂ ለሰው አይደለም፤ ሻንጣንም ያካትታል። ሦስት አራት ሆናችሁ ከመጣችሁ ከባቡሩ ጋር እኩል ይሆናል ማለት ነው። ነጭ ቀለም ያለውንና ተራ የሚጠብቀውን ያዙ። አዳራሹ ውስጥ ቀርቦ «ታክሲ? ታክሲ?» የሚላችሁን እለፉት።

የት ሰፈር ልረፍ?

ተርሚኒ ዙሪያ ዋጋው ይቀንሳል፣ ትራንስፖርትም ሁሉ እዚያ ነው። ማታ ማታ ግን ጣቢያው አካባቢ ደስ አይልም። ሞንቲ ለኮሎሲየም ቅርብ ነው፣ ያምራል፣ ይወደዳል። ፕራቲ ለቫቲካን ቅርብና ጸጥ ያለ ስለሆነ ከልጅ ወይም ከእናት ጋር ለሚመጣ እሱን እመርጣለሁ። ትራስቴቬሬ ለማታ ጨዋታ ነው፤ ሜትሮ የለውም።

ሆቴሉን ቀድማችሁ ብትከፍሉም የከተማ ግብር የሚባል ነገር ለብቻው ይጠየቃል። ለአንድ ሰው ለአንድ ሌሊት እንደ ኮከቡ ከ4 እስከ 10 ዩሮ ነው፤ ባለ 3 ኮከብ ሆቴል 6 ዩሮ። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም። እንግዳ መቀበያው ላይ ሲጠይቋችሁ የተጭበረበራችሁ አይምሰላችሁ።

ከተማው ውስጥ በምን ልንቀሳቀስ?

በእግር። መንገዱ የጥንት ኮብልስቶን ስለሆነ ጫማችሁ ምቹ ይሁን፤ ሂል ጫማ ፎቶ ላይ ያምራል እንጂ አያስኬድም። ለሩቁ ሜትሮና አውቶቡስ አለ። መደበኛው ትኬት 1.50 ዩሮ ሆኖ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል፦ አውቶቡስ ያለ ገደብ፣ ሜትሮ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። የባንክ ካርዳችሁን በሩ ላይ አስነክታችሁም መግባት ትችላላችሁ።

የወረቀት ትኬት ከያዛችሁ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ማሽን ላይ ማስመታት ግዴታ ነው። ሳይመታ በኪስ የያዛችሁት ትኬት እንደሌለ ይቆጠራል። ተቆጣጣሪ ከያዛችሁ ቅጣቱ ከ50 ዩሮ በላይ ነው፤ «እንግዳ ነኝ» ማለት አያድንም። መኪና መከራየት ግን ፈጽሞ አትሞክሩ። መሃል ከተማው የተፈቀደለት ብቻ የሚገባበት ነው፤ ካሜራው ያነሳችሁና ቅጣቱ ከወራት በኋላ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል።

ትኬት አስቀድሜ መግዛት አለብኝ?

ለሁለት ቦታ ብቻ አዎ፦ ለኮሎሲየምና ለቫቲካን ሙዚየም። የኮሎሲየም መደበኛ ትኬት 18 ዩሮ ነው፤ ፎሮ ሮማኖን (የጥንቱን ከተማ ፍርስራሽ) እና ፓላቲኖ ኮረብታንም ያካትታል። ሽያጩ የሚከፈተው ከጉብኝቱ 30 ቀን በፊት ሲሆን ቶሎ ያልቃል። ትኬቱ ላይ ስም ስለሚጻፍ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ሙሉ፤ የአባትን ስም ከአያት ማምታታት እዚህ ጣጣ ያመጣል። የቫቲካን ሙዚየም 20 ዩሮ ነው፤ በኢንተርኔት ሲያዝ 5 ዩሮ ይጨመራል። ሁለቱንም ከራሳቸው ድረ ገጽ ግዙ። ጎግል ላይ መጀመሪያ የሚመጡት አብዛኛዎቹ ነጋዴዎች ናቸው፤ ያንኑ ትኬት እጥፍ አድርገው ይሸጡላችኋል።

አሁን ደግሞ ሰዓት። ትኬቱ ላይ 09:00 ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። 15:00 ካለ ከቀኑ 9 ሰዓት። ሐበሻ ትኬት የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ በተለይ ትኬቱን የገዛችው የአሜሪካዋ እህት፣ የሚጎበኙት ከአዲስ አበባ የመጡት እናት ከሆኑ። ስልካችሁ ወደ ሮም ሰዓት መዞሩንም እዩ፦ ከአዲስ አበባ በክረምታቸው በሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው።

ቫቲካን ሙዚየም እሁድ ዝግ ነው። የወሩ የመጨረሻ እሁድ ብቻ ለግማሽ ቀን በነጻ ይከፈታል። ኮሎሲየም በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ ነጻ ነው። «ነጻ» ሲባል ግን ወረፋው ሌላ ነው፤ ለሦስት ቀን የመጣ ሰው ግማሽ ቀኑን ለ18 ዩሮ ብሎ ፀሐይ ላይ ባይቆም እመክራለሁ።

በነጻ የሚታይ ምን አለ?

ከሚከፈልበት ይበልጣል። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያው ነጻ ነው፤ የምትሰለፉት ለፍተሻ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ብትደርሱ ወረፋው አጭር ነው። ጉልላቱ ላይ መውጣት ግን ይከፈልበታል፤ ደረጃው 551 ነው፣ ሊፍት ብትይዙ እንኳ 320 ይቀራችኋል። ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ ሕዝብ ስለሚያነጋግሩ ብዙ ጊዜ ባዚሊካው እስከ እኩለ ቀን ለጎብኚ አይከፈትም።

ሌሎቹን ቤተ ክርስቲያኖች አትናቁ። ኮሎሲየም አጠገብ ሳን ፒየትሮ ኢን ቪንኮሊ ውስጥ ማይክል አንጄሎ የቀረጸው የሙሴ ሐውልት ተቀምጧል። ፓንቴዮን አጠገብ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ውስጥ ስለ ማቴዎስ የተሣሉ ሦስት የካራቫጆ ሥዕሎች አሉ። ሁለቱም ያለ ክፍያ። ራሱ ፓንቴዮን ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 5 ዩሮ ያስከፍላል፤ ይገባዋል።

ውኃም ነጻ ነው። በየመንገዱ ያለማቋረጥ የሚፈሱት የብረት ቧንቧዎች ናዞኒ ይባላሉ፤ ከተማው ውስጥ 2,500 ያህል አሉ። ንጹሕና ቀዝቃዛ የመጠጥ ውኃ ነው። አፉን በጣታችሁ ስትደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ሽቅብ ይወጣል።

አለባበስ ላይ የሚከለከል ነገር አለ?

ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ለወንድም ለሴትም። ቅዱስ ጴጥሮስ በር ላይ ከምር ይመልሳሉ። ቀጭን ነጠላ ቦርሳ ውስጥ ብትይዙ ችግሩ አለቀ። ሌላው ክልክል መቀመጥ ነው፦ የስፔን ደረጃዎች ላይ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መቀመጥ ያስቀጣል። ትሬቪ ፏፏቴ ውስጥ እግር መንከርም እንዲሁ።

ጾም ላይ ነኝ፤ ሮም ላይ ምን እበላለሁ?

ይህ ብዙዎችን ያስጨንቃል፤ በእውነቱ ግን ሮም ለጾመኛ ጥሩ ከተማ ናት። ፒሳ ማሪናራ ጠይቁ፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለውም። ፓስታ አልያራቢያታ (የሚያቃጥል የቲማቲም ስጎ) እና አልዮ ኦልዮ (ነጭ ሽንኩርትና ዘይት) አሉ፤ ላዩ ላይ አይብ እንዳይነሰንሱበት «ሴንዛ ፎርማጆ» በሉ። ደረቁ ፓስታ እንቁላል የለውም። ትኩስ ተብሎ የሚሸጠው፣ እንደ ፌቱቺኔና ራቪዮሊ ያለው፣ አለው። በነጭ ሽንኩርትና ዘይት የተጠበሰ ቺኮሪያ የሚሉት ቅጠል ጎመን ለናፈቀው ሰው ቅርብ ነው። በክረምታቸውና በጸደያቸው ደግሞ በአይሁድ ሰፈር በዘይት የሚጠበሰው ካርቾፊ (አርቲቾክ የሚባለው አትክልት) አያምልጣችሁ።

ዝርዝሩ ከሰለቻችሁ «ቬጋኖ» የምትለዋ ቃል ሁሉን ትሸፍናለች፦ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ የለም። ዓሣንም ጭምር ታስቀራለች። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትቻለሁ፤ ብቻ አንዳንድ ሰላጣና የሽምብራ ሾርባ ውስጥ አንቾቪ የምትባል ትንሽ ዓሣ እንደምትገባ እወቁ። ጠዋት ከቡና ጋር የሚበላው ኮርኔቶ (እንደ ክሩዋሳን ያለው) ግን ቅቤ አለው።

ሙስሊም ነኝ፤ ምን ልጠንቀቅ?

የሮም ሦስቱ ታዋቂ ፓስታዎች፣ ካርቦናራ፣ አማትሪቻና እና ግሪቻ፣ ሁሉም የአሳማ ጉንጭ ሥጋ አለባቸው። ካቾ ኤ ፔፔ ግን አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው። ሐላል ሥጋ ከፈለጋችሁ ፒያሳ ቪቶሪዮና ኤስኩዊሊኖ ገበያ ዙሪያ ብዙ ቤት አለ። ታላቁ የሮም መስጊድ ከመሃል ከተማ በሰሜን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የተመረቀ፣ ለእይታም የሚያምር ነው።

ቡና ቤትና ምግብ ቤት ላይ ሂሳቡ ለምን ይለያያል?

ቆማችሁ ከጠጣችሁና ተቀምጣችሁ ከጠጣችሁ ዋጋው አንድ አይደለም። ባንኮኒ ላይ አንድ ኤስፕሬሶ ከ1 እስከ 1.50 ዩሮ ነው። ትልልቅ አደባባዮች ላይ ተቀምጣችሁ ስትጠጡት ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ማኪያቶ ስታዙ የአዲስ አበባውን አትጠብቁ፤ ጠብታ ወተት የነካው ኤስፕሬሶ ነው የሚመጣው። የእኛ ዓይነት ከፈለጋችሁ ካፑቺኖ ይቀርባል።

ምግብ ቤት ላይ «ኮፔርቶ» ወይም «ፓኔ» ተብሎ በሰው ከ1 እስከ 3 ዩሮ ሊጨመር ይችላል፤ የገበታና የዳቦ ነው። ጉርሻ ግዴታ አይደለም። ምሳ ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ እራት ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት ፈልጋችሁ ብታጡ አትገረሙ፤ ወጥ ቤቱ ዝግ ነው። በዚያ ሰዓት የሚያድነው በሚዛን ተቆርጦ የሚሸጠው ፒሳ ነው።

እንጀራ ካማራችሁ ከተርሚኒ በካስትሮ ፕሬቶሪዮ በኩል ውጡ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች እዚያ ዙሪያ ታገኛላችሁ።

ኪስ አውላቂ እንዴት ነው?

አለ፣ ጎበዝም ነው። ግፊያ የሚበዛባቸው ተርሚኒ ጣቢያ፣ የሜትሮው ኤ መስመርና ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ናቸው። ስልክ በኋላ ኪስ አይሆንም። የትኬት ማሽን ላይ ሳትጠሩት ሊረዳችሁ የሚመጣውን ሰው አመስግናችሁ አሰናብቱ።

ለእኛ ለየት የሚል አንድ ዘዴ አለ። «አፍሪካ? ወንድሜ!» እያለ ቀርቦ እጃችሁ ላይ ክር የሚያስር ሰው ይኖራል። ስጦታ ነው ይላል፤ ከዚያ ገንዘብ ይጠይቃል። ሰላምታውን መልሱ፣ እጃችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱ፣ እየሄዳችሁ ሳቁለት። ለማንኛውም አስቸኳይ ችግር ስልኩ 112 ነው።

የእኛን ታሪክ የሚነካ ቦታ የት ልይ?

ከባቡር ስትወርዱ ትጀምራላችሁ። ተርሚኒ ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ነው። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በሺህ የሚቆጠር ሐበሻ በየዓመቱ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፍበታል፤ ብዙው አያውቅም። ከዚያ ወደ ፒያሳ ዴላ ሬፑብሊካ ስትሄዱ መንገድ ዳር መናፈሻ ውስጥ ትንሽ የግብፅ ሐውልት ታያላችሁ፤ የዶጋሊ መታሰቢያ እሱ ነው። በወረራው ጊዜ ከአዲስ አበባ ተነቅሎ የመጣው የይሁዳ አንበሳ ያቆሙት እዚሁ ሐውልት ሥር ነበር። ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. ጎራዴ የመዘዘውም በዚሁ አካባቢ ነው፤ ዝርዝሩ በተለያየ መንገድ ይተረካል።

ሜትሮ ቢ ይዛችሁ ቺርኮ ማሲሞ ውረዱ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ፊት ያለው ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረበት ቦታ ነው። ሐውልቱ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ገብቶ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ተተክሏል። አሁን እዚያ የቆሙት ሁለት አምዶች ኒው ዮርክ ላይ ለደረሰው የመስከረም 11 ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ ናቸው። በኢትዮጵያ ስም የተጻፈ ነገር አትፈልጉ።

ከዚያ በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ወደ ኮሎሲየም በእግር ሂዱ። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ማታ፣ በባዶ እግሩ የሮጠበት የመጨረሻው መንገድ ነው። ከሞሮኮው ራዲ ተነጥሎ የወጣው በአክሱም ሐውልት አካባቢ ነበር፤ የጨረሰው በኮንስታንቲን ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ። ግድግዳው ላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ አለ። ለሦስት ቀን ከመጣችሁ እኔ ከሁሉ በፊት የማሳያችሁ ይህንን መንገድ ነው፤ እግር ከመንቀሳቀስ በቀር ምንም አያስከፍልም። የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ግን የቫቲካን አጥር ውስጥ፣ ከባዚሊካው በስተጀርባ ስለሆነ የአትክልት ስፍራውን ጉብኝት ሳይይዙ ሄዶ ማየት አይቻልም።

ከኢትዮጵያ ቪዛ ለማግኘት ምን ያህል አስቀድሜ ልጀምር?

ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው። የሸንገን ቪዛ (ጣሊያንን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) መደበኛ መልስ 15 ቀን ሲሆን የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 በወሰደው እርምጃ ለኢትዮጵያውያን 45 ቀን ሆኗል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ታግዷል። ክፍያው 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች 45 ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና ዋስትናም ያስፈልጋል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ብዙ ቀን የምትቆዩበት አገር የትኛው እንደሆነ እዩና እዚያው አመልክቱ፤ ሮም ልትቆዩ «የሌላው አገር ቀለል ይላል» ብላችሁ በሌላ ኤምባሲ መግባት ድንበር ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ደግሞም ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት አትቁረጡ፤ ማመልከቻው የሚፈልገው ቦታ መያዛችሁን ነው። ብር ሮም ላይ አይመነዘርም፤ ዩሮ ይዛችሁ ውጡ።

የአሜሪካ ግሪን ካርድ ወይም የዓረብ አገር ኢቃማ አለኝ። ቪዛ ያስፈልገኛል?

ፓስፖርታችሁ የኢትዮጵያ ከሆነ አዎ። ግሪን ካርድ አሜሪካ ለመኖር እንጂ አውሮፓ ለመግባት አይደለም፤ ኢቃማም እንዲሁ። የምታመለክቱት በምትኖሩበት አገር ባለው የጣሊያን ቆንስላ በኩል ነው። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያለው በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። ከጀርመን፣ ከስዊድን ወይም ከሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለውም እንደዚያው፤ ፓስፖርቱንና ፈቃዱን አንድ ላይ ይያዝ።

ሮም ላይ አውሮፕላን ብቻ ለሚቀይር ደግሞ ወጥመድ አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከአየር ማረፊያው ባይወጣም እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ ወይም መኖሪያ ፈቃድ ያለው ከዚህ ነጻ ነው፤ ያም ሆኖ ከተማ ወጥቶ ቡና መጠጣት አይችልም።

ዘመድ ቤት ባርፍ ችግር አለው?

ችግር የለውም፣ ወረቀት ግን አለው። ለቪዛው ዘመዳችሁ የፈረመው የግብዣ ደብዳቤና የመታወቂያው ወይም የመኖሪያ ፈቃዱ ቅጂ ያስፈልጋል። ከደረሳችሁ በኋላ ደግሞ የሚያሳድራችሁ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት። ሆቴል ይህንን ራሱ ስለሚሠራ ማንም አያወራውም፤ ዘመድ ጋ ያደረ ግን ዘመዱን ያስቀጣል። በሌላ የሸንገን አገር በኩል ከገባችሁ ደግሞ በ8 ቀን ውስጥ መገኘታችሁን ማስመዝገብ የእናንተ ግዴታ ነው።

ፓስፖርቴ ቢጠፋስ?

መጀመሪያ ፖሊስ ወይም ካራቢኒየሪ ጣቢያ ሄዳችሁ «ዴኑንቻ» የሚባለውን የማመልከቻ ወረቀት ውሰዱ። ያለሱ ማንም አያስተናግዳችሁም። ቀጥሎ ኖሜንታና አካባቢ ወዳለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ፤ ወደ አገር መመለሻ ሊሴ ፓሴ የሚሰጠው እሱ ነው። ቅዳሜና እሁድ ዝግ ስለሆነ ዓርብ ማታ የጠፋ ፓስፖርት በረራ ያስቀራል፤ ወዲያው ለአየር መንገዱ ደውሉ። የፓስፖርቱንና የቪዛውን ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩ፤ ስልኩ ላይ ብቻ አትተዉት፣ ሌባው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ነው የሚወስደው።